የማረጥ ሽምግልና

ጠዋት ጠዋት በብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ላይ ወንዶች ግድግዳ ያያሉ። ደንብ ነው። አርባ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ሁሉ ሹራቧን ከፍ፣ የቀሚሷን ወገብ ዝቅ አድርጋ ዳሌዋ ላይ ያለውን የመድኃኒት ልጥፍ ለማንበቢያው ማሽን ታሳያለች፤ ያን ጊዜ በአካባቢው ያለ ወንድ፣ ዘበኛም ይሁን መሐንዲስ፣ ፊቱን ያዞራል። የሚያዩት እንዳያጡ ተብሎ ግድግዳው ላይ የበግ መንጋ ተስሎላቸዋል። ግማሽ ዕድሜያቸውን ያንን መንጋ ሲያዩ የኖሩ ወንዶች አሉ፤ በጎቹን አንድ በአንድ ይለዩዋቸዋል። ሴቶቹ ከጀርባቸው ምን እንደሚያደርጉና ለምን እንደሚያደርጉት ግን የጠየቀ አልተገኘም። አለመጠየቃቸውን ጨዋነት ይሉታል።

ማንበቢያው ልጥፉን ካነበበ በኋላ በለሰለሰ ድምፅ «እኩል ነሽ፤ ግቢ» ይላል። የከተማው ሰላምታም ከዚሁ የተቀዳ ነው። በሁለት ሺህ ሰባዎቹ ደብረ ብርሃን ውስጥ «እንዴት አደርሽ» የምትል ሴት ገና ከገጠር የገባች ብቻ ናት። ሌላው ሰው «እኩል አደርሽ?» ይላል፤ መልሱም «እኩል» ነው። ሌላ መልስ የሰጠች ሴት ከምሳ በኋላ ጸጋ ክፍል ትጠራለች። ጸጋ ክፍል የሴቶቹን ልጥፍ የሚያድለው፣ የሚቀይረውና የሚቆጣጠረው ቢሮ ነው። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ሽልማት እንደተሰጠው ይነገራል።

ሀሴት በላይነህ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ስሟ የአሮጊት ስም ነው፤ በእሷ ዘመን የተወለዱት ሁሉ ሀሴት፣ ሶሊያና፣ ኤልዳና ይባላሉ። ዘመናዊዎቹ ወጣቶች አንጓችና ደባልቄ ናቸው። ሥራዋ ብርድ ልብሱ ከማሽኑ ሲወጣ በመዳፏ እየዳበሰች ቋጠሮና ስስ ቦታ መፈለግ ነው። ይህንንም የሚሠራ ማሽን በተደጋጋሚ ተገዝቶ ነበር፤ ከሴት መዳፍ ይልቅ ውድ ሆኖ ስለተገኘ መጋዘን ገባ። እሷም ይህን እንደ ምስጋና እንድትቆጥረው በስብሰባ ተነግሯታል።

ስለ ልጥፉ እውነቱ መነገር አለበት። መጀመሪያ ሲመጣ ደግ ነገር ነበር። ሀሴት አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ሙቀቱ ጀመራት። በዚያ በረዶ በሚወርድበት ከተማ፣ የምትዳብሰውን ብርድ ልብስ በላብ እያራሰች፣ እንቅልፍ አጥታ፣ በትንሽ በትልቁ እያለቀሰች አንድ ክረምት አሳለፈች። ነርሷ ልጥፉን ስትለጥፍላት ሁለት ነገር አንድ ላይ እንደያዘ ነገረቻት፤ ኢስትሮጅኑ ሙቀቱን ያበርዳል፣ ፕሮጄስትሮኑ ማህፀኗን ይጠብቃል። ብዙም ሳይቆይ እንደ ሰው ተኛች። ያን ጊዜ ልጥፉን የፈጠረውን ሰው ብታገኘው ኖሮ ጉልበቱን ትስም ነበር። ነርሷም «በየጊዜው እናይሻለን፤ በቃኝ ስትዪ ደግሞ እናቆመዋለን» ብላት ነበር።

በቃኝ ማለት የቀረው አዋጁ ሲመጣ ነው። አዋጁ የጡረታ አዋጅ ነው። አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ «ዕድሜ ቁጥር ነው» የሚል መፈክር ተሰቀለ፤ ሴት በቁጥር ከሥራ መባረር የለባትም፣ ጡረታ የምትወጣው ተፈጥሮዋ ሲያርፍ ብቻ ነው ተባለ። ይኸውም ስታርጥ ማለት ነው። ተጨበጨበ። በዓመቱ ደግሞ ሌላ መመሪያ ወጣ፤ ሠራተኛ ሴት ሁሉ ለገዛ ክብሯ ስትል ልጥፍ ታደርጋለች የሚል። አንደኛው ወረቀት ስታርጪ ትሄጃለሽ ይላል፣ ሁለተኛው ማረጥ ክልክል ነው ይላል፣ የሁለቱም ፈራሚ አንድ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካው ጡረታ የወጣች ሴት የለችም። ከንቲባው ማረጥ ከከተማዋ መጥፋቱን ከወባ መጥፋት ጋር በአንድ ንግግር አብሥረዋል። ወንዶቹ በድሮው ቁጥር በስድሳ ዓመታቸው ይወጣሉ፤ የእነሱን ተፈጥሮ ለመለካት የደፈረ አልነበረም። የሴቶቹ ጡረታ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

ሀሴት ደግሞ ማርጀት አማራት። ነፍሰ ጡር አፈር እንደሚያምራት አማራት። እናቷ በዚህ ዕድሜዋ ወደ ሰው ቤት ስትገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሣላት ነበር፤ ስትናገር አይቋረጥም፣ ስትቆጣም አይመለስላትም። ሀሴትን ፋብሪካው ውስጥ የትናንት ልጅ ሁሉ «አንቺ» ይላታል፤ «እርስዎ» ማለት የዕድሜ አድልዎ ነው ተብሎ ከተከለከለ ቆይቷል። የምትፈልገው ብዙ አልነበረም። ጠባሴ ሰፈር ያለችው የእናቷ ቤት አለች፤ ከቤቷ በስተ ፀሐይ አንድ የድንጋይ መደብ አለ። እዚያ ላይ፣ የራሷን ጡረታ እየበላች፣ በራሷ ሽበት መቀመጥ ነው የፈለገችው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ማንም ሳይጠራት ጸጋ ክፍል ሄደች።

የክፍሉ ኃላፊ አንጓች ናት። ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ፈገግታዋ ከፊቷ አይጠፋም፤ ከፋብሪካው የሥራ ልብስ ጋር የተሰጣት ይመስላል።

«እኩል ዋልሽ ሀሴት? ምን ጎደለሽ?»

«ምንም አልጎደለኝም። ማረፍ ነው የምፈልገው። ጡረታዬን።»

«ልጥፍሽ እኮ ገና ነሽ ይላል።»

«ልጥፉን አንሺልኝና እንይ።»

«ልጥፍ የሚነሣው ለጡረተኛ ነው።»

«ጡረተኛ የምሆነውስ?»

«ስታርጪ ነዋ።»

«የማርጠውስ መቼ ነው?»

አንጓች ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች። «እሱማ ልጥፉ ሳይነሣ እንዴት ይሆናል?» አለች። ይህንን ያለችው የአውቶቡስ ሰዓት በምትናገርበት ድምፅ ነው፤ የሀፍረት ምልክት አልታየባትም።

ሀሴት ልጥፉን ራሷ ገንጥላ ብትጥልስ? ያደረገችው አለች። ኤልዳና የምትባል የክር ክፍል ሠራተኛ ገንጥላ ጥላ ሄደች፤ የሠላሳ ዓመት ጡረታዋ በነጋታው ተሰረዘ። ዛሬ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች፤ የድሮ ጓደኞቿ ሲያልፉ ሌላ ቦታ ያያሉ። ሀሴት አንድ ጊዜ ቆሎ ገዝታታለች። ዓይኗን ግን ለማየት አልደፈረችም።

እንግዲህ መሥሪያ ቤት እምቢ ሲል በዚህ አገር የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው። ሽማግሌ ይላካል። ለጋብቻ ይላካል፣ ለደም ይላካል፣ ለድንበር ይላካል፤ ለማረጥ ሽማግሌ የላከ ግን ከሀሴት በፊት አልተሰማም። ሀሴት የእድራቸውን ሊቀ መንበር ጋሽ ሚኪያስን መረጠች። ጋሽ ሚኪያስ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያው ፋብሪካ በስድሳቸው ወጥተው ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ይሞቃሉ። ነጭ ጋቢያቸው ጉድፍ አያውቅም። ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላግባቡት ወራሽ የለም ይባላል። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች፤ ሀሴትም ተማምና ሄደች።

«ጋሼ፣ እንዲያው ሳላፍር ልንገርዎት» አለች። «የምፈልገው ማረጥ ነው። ልጥፉ ይነሣና...»

ጋሽ ሚኪያስ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በግ አልነበረም፤ ልማድ ግን ልማድ ነው። «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። ዝርዝሩን ተይው።»

«ዝርዝሩ እኮ ነው ጉዳዩ። በግልጽ ካልነገሯት ያቺ ልጅ ታታልልዎታለች።»

«ልጄ፣ ሽማግሌ ነገር አያፈርጥም። እየዞረ ነው የሚገባ። እኔ በዚህ አፌ ስንት ደም አድርቄያለሁ፣ የአንዲት ቢሮ ልጅ ታቅተኛለች?» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ነገሩን በእኛ ላይ ጣይው።»

ጣለችው። በቀጠሮው ቀን ጋሽ ሚኪያስ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ጸጋ ክፍል ገቡ። ሁለቱ ሥራቸው ጋሽ ሚኪያስ አንድ ነገር ሲናገሩ «እውነት ነው» ማለት ነበር፤ ይህንንም በሚገባ ተወጥተዋል። ሀሴት እንደ ወጉ ውጭ ቀረች፤ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ በገርበብ ካለው በር የሚሰማውን ሁሉ ሰማች።

«ተቀመጡ» አለች አንጓች።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሚኪያስ።

አንጓች ደስ አላት። እንዲህ ያለ ነገር ከአያቷ ስትሰማ ነው ያደገችው፤ ቶሎ ብላ መቅረጫዋን አበራች። «እሺ አባቶች፤ ጉዳያችሁን ንገሩኝ።»

ጋሽ ሚኪያስ ከፋብሪካው ምሥረታ ጀመሩ። ስለ ሱፍ ተናገሩ፣ ስለ ሀሴት እናት ደግነት ተናገሩ፣ ስለ ሰላም ተናገሩ። ዞሩ፣ ዞሩ፣ ደጃፉ ላይ ደረሱና ቆሙ። «እንግዲህ ልጃችን ሀሴት፣ በተፈጥሮዋ በኩል፣ አንቺም ሴት ነሽና ታውቂዋለሽ፣ አንድ ነገር እንዲደረግላት ነው።»

«እውነት ነው» አሉ ሁለቱ።

«ምን እንዲደረግላት?» አለች አንጓች።

«ያው እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት።»

«ጋሽ ሚኪያስ፣ በግልጽ ካልነገርከኝ ምን አደርጋለሁ? ምኑ ይደረግላት?»

ሀሴት አግዳሚው ላይ ሆና ጥርሷን ነከሰች። አንዲት ቃል ናት። ጋሽ ሚኪያስ ግን አንጓች በቀጥታ ዓይን ዓይናቸውን እያየች መሆኗን አዩና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያቺ ልጅ ጉዳዩን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ባለፈው ሳምንት ሀሴት ራሷ እዚያው ቆማ ነግራታለች። እነዚህ ሰዎች ቃሉን አውጥተው እንደማይናገሩም ገብቷታል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

«እንግዲያውስ እኔ የማውቀውን ላድርግላት» አለች። «ለአርአያ ሠራተኞች ብቻ የሚሰጥ አዲስ ልጥፍ አለ። ባለ ዙር ይባላል። ከድሮው ይበልጣል፤ ተፈጥሮን ተከትሎ የሚሄድ ነው። በእናንተ ክብር ለሀሴት ይሰጣት።»

ባለ ዙር ምን እንደሆነ መጠየቅ ይቻል ነበር። መጠየቅ ግን ወደ ዝርዝሩ መግባት ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ያቺ ቃልና የእሷ ዘመዶች አሉ። ጋሽ ሚኪያስ «አርአያ» እና «ክብር» የሚሉትን ሰምተዋል፤ በቂያቸው ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ።

«እውነት ነው» አሉ ሁለቱ። ሦስቱም ተቀመጡ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ሀሴት ብድግ ብላ ነበር። ግን እንኳን እሷ፣ በመሀል ገብቶ ሽማግሌ ያቋረጠ ሰው የለም። ቆይቶም አልቀበልም ማለት አይቻልም፤ የላከችውን ሽማግሌ ያዋረደች ሴት ከእድሩ ትወጣለች፣ ከእድር የወጣችን ሴት ማን ይቀብራታል? ስለዚህ ስትጠራ ገባች፣ ወንዶቹ ግድግዳ አዩ፣ አንጓች አሮጌውን አንሥታ አዲሱን ለጠፈችላት። ጋሽ ሚኪያስ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ «እድሜሽን ያድስልሽ» ብለው መረቋት። ምርቃቱ ያለ ቀልድ ነው የደረሰው።

የድሮው ልጥፍ ሁለቱን ነገር በየቀኑ እኩል ይሰጥ ነበር፤ ደም አያመጣም። ባለ ዙሩ ግን አንዱን በየቀኑ እየሰጠ ሌላውን ለጥቂት ቀን ብቻ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጭማሪው ባለቀ ጊዜ ሰውነት እንደ ልጃገረድነት ዘመኑ ወሩን ያያል። ሀሴት ይህን ያወቀችው አንድ ሐሙስ ብርድ ልብስ እየዳበሰች ሳለ ነው። በስድሳ አንድ ዓመቷ። ከሥራ ስትወጣ ሱቅ ገብታ ሞዴስ ጠየቀች፤ ባለ ሱቋ «አርአያ ሆነሽ ነው? እንኳን ደስ አለሽ» ብላ አቀፈቻት። ሀሴት መንገዱን ሁሉ እየተሳደበች ቤቷ ገባች። የሰደበችው አንጓችን አልነበረም፤ አንጓች ደመወዝ የምትበላበትን ነው የሠራችው። የሰደበችው ሦስቱን ነጫጭ ጋቢዎች ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ያረጠች ከመሰላት ጊዜ ጀምሮ ቦታዋ ውስጥ ነበር፣ በሴቶች በኩል፣ ዓምዱ ሥር። አሁን ወሯ ላይ ስለሆነች ወጉ አልፈቀደላትምና ከቅጽሩ በር ጎን፣ ኮረዶች በሚቆሙበት ቆመች። ኮረዶቹ የጠፋባት ሰው ያለ መስሏቸው ቦታ ለቀቁላት። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ጋሽ ሚኪያስና ሁለቱ ጓደኞቻቸው አይተዋት ቀረቡ።

«እኩል አደርሽ ሀሴት? ምነው ውጭ ቆመሽ? አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። የወር አበባዬ መጥቶ ነው።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ዝቅም አላደረገችም። ከኮረዶቹ አንዷ ሳቀችና አፏን ያዘች። ሁለቱ አጃቢዎች በዚህ ላይ «እውነት ነው» ማለት አልቻሉም። ጋሽ ሚኪያስ ወደ ቅጽሩ ግንብ ዞሩ።

«ግንቡን ይተዉትና እኔን ይዩኝ ጋሼ» አለች ሀሴት። «ጡረታ አምጡልኝ ብዬ ላክኋችሁ፣ ልጃገረድነት አመጣችሁልኝ። ለምን? አንዲት ቃል አውጥታችሁ መናገር አፍራችሁ። ደም አደረቅሁ ሲሉኝ አልነበር? ይኸው፣ የደረቀውን አስመጡት።»

«ልጄ፣ በደጀ ሰላም እንዲህ ያለ ነገር...»

«የት ይነገር ታዲያ? ቤትዎ አልሰሙኝ፣ ቢሮ አልተናገሩልኝ።»

ዞር ብላ እጇን በነጠላዋ ሥር ሰደደች፤ ፊቷ ጭምድድ አለና ልጥፉን ላጥ አድርጋ አነሣችው። የጋሽ ሚኪያስን እጅ ይዛ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። «የማይሆን ጥሎሽ የሚመልሰው ያመጣው ሽማግሌ ነው። ነገ ወስደው ይመልሱላት። ሲመልሱም ስሙን ጠርተው ነው።»

ባለ ዙሩ የገላን ምልክት እያነበበ ለፋብሪካው ይልካል፤ ከገላ ሲለይ ደግሞ ይጮኻል። መዳፍ አይበቃውም። መጀመሪያ እንደ ትንኝ፣ ቀጥሎ እንደ አምቡላንስ መጮኽ ጀመረ፤ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ ወደ ጋሽ ሚኪያስ እጅ ዞረ። ጋሽ ሚኪያስ ጨበጡት፣ ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት፣ ባሰበት። በመጨረሻ በድንጋጤ ሸሚዛቸውን ከፍተው ሆዳቸው ላይ ለጠፉት። ዝም አለ። ጋሽ ሚኪያስ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ።

ሰኞ ሀሴት ሥራ አልገባችም። ለዓመታት ያልወሰደችው ፈቃድ ተጠራቅሞላት ነበርና ሙሉውን ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ቢያባርሯትም ቆርጣለች፤ ከኤልዳና ጎን ቆሎ ትሸጣለች፣ ያን ጊዜ ዓይኗን ታያታለች። ጡረታዋ ግን ይቆጫታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የዳበሰችው ብርድ ልብስ ሁሉ የሌላ ሰው ሙቀት ሆኖ ሊቀር ነው።

ጋሽ ሚኪያስ ሰኞ ጸጋ ክፍል ድረስ ሄደዋል። አንጓች «ምን ልርዳህ?» ስትላቸው ልጥፉን ለመመለስ ሸሚዝ መግለጥ፣ ሸሚዝ ለመግለጥ ደግሞ ምክንያቱን መናገር እንዳለባቸው ተገነዘቡ። ስለ ጤናዋ ጠይቀው ወጡ። ማክሰኞም እንዲሁ። ሀሴት ስትደውልላቸው «ነገሩ በሂደት ላይ ነው» ይሏታል። ገንጥለው እንዳይጥሉት ይጮኻል፤ የጮኸ እንደሆነ ባለቤታቸው ምን እንደሆነ ትጠይቃለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ልጅቷን ፈርተው ልጥፉን ቻሉት።

ሀሴት ላይ ደግሞ ሙቀቱ ተመለሰ። ከደረቷ ይነሣና ወደ ፊቷ ይወጣል፣ ላቡ ጆሮዋ ሥር ይንቆረቆራል። በሯን ከፍታ የጠባሴን ንፋስ ታስገባለች። እንቅልፏ ይቆራረጣል፣ ትነጫነጫለች፣ ግን ማንም እኩል አደርሽ አይላትም። ሙቀቱ የራሷ ነው። ባልለቀቃት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ በፈቃዷ መድኃኒት ልትለምን እንደምትችል ታውቃለች፤ ይህን ማወቋ ብቻ ግማሹን ሙቀት አቀለለላት።

ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል ስልኳ ጮኸ። መልእክቱ ከፋብሪካው ነው፤ ያ የለሰለሰ ድምፅ ያነበዋል። «ሀሴት፤ ባለ ዙር ልጥፍሽ ያለማቋረጥ ከገላሽ ጋር ነበር። ዙር አልታየም። የማህፀን ምልክት አልታየም። ተፈጥሮሽ አርፏል። እንኳን ለጡረታ አበቃሽ።»

ሀሴት መልእክቱን ደጋግማ አስነበበችው። ከዚያ የጋሽ ሚኪያስ ሆድ ትዝ አላት። የሳቀችውን ሳቅ ጎረቤት ሰምቶ ብቅ አለ።

አዋጁ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያዋ ጡረተኛ ናት፤ ጸጋ ክፍል ውስጥ ድንጋጤ ሆነ። አንጓች ራሷ ደወለች። «እንዴት አድርገሽ ነው?» አለች።

«በሽማግሌ» አለቻት ሀሴት።

ለፋብሪካው ሴቶች ግን አልደበቀችም፤ እውነቱን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። በማግሥቱ በሩ ላይ ወንዶቹ በጎቻቸውን ሲያዩ ሴቶቹ የወንዶቹን ሆድ ያዩ ነበር። በየቤቱም ባሎች ባልለመዱት ዓይን መታየት ጀመሩ።

ሁለቱ አጃቢዎች በእድሩ ስብሰባ «ሽምግልናችን ሠመረ» ብለው ተነሡ፤ ተጨበጨበላቸው። ጋሽ ሚኪያስ ግን በስብሰባው አልነበሩም። ጡረታው በጸደቀና ልጥፉ ከሩቅ በተዘጋ ዕለት ገንጥለው ጥለውታል ይባላል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ተኩል ገደማ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሀሴት መደቧ ላይ ተቀምጣ ሳለ የግቢዋን በር ገፍተው ገቡ። ነፋሱ ቆዳ ይገፍፋል። ጋሽ ሚኪያስ ጋቢያቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለዋል፤ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል፣ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይጠርጋሉ።

«ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። እርስዎስ?»

«እኔማ... አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነበር። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩም። ይሄ ነገር... ከዚህ ከደረቴ ይነሣና... እሳት ነው ልበልሽ? ሌሊት አንሶላው ይርሳል። ትናንት እድር ላይ ልናገር ተነሥቼ አለቀስኩ።»

«ምን የሚባል ነገር ነው?»

«ያው ይሄ... አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«ስሙን ካልጠሩልኝ አላውቀውም።»

ጋሽ ሚኪያስ ዞር አሉ። የሀሴት ግቢ አጥር የተነቃቀለ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ከቀዳዳው ወዲያ መንገዱና የሚያልፈው ሰው ይታያል። የሚያዩት ግድግዳ አጡ። ሀሴት አልተነሣችም፣ አላገዘቻቸውም፤ በሽበቷ ላይ ፀሐይ እየወረደ ጠበቀቻቸው። ላቡ አገጫቸው ላይ ደረሰ።

«ማረጥ» አሉ ጋሽ ሚኪያስ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ። «የማረጥ ሙቀት ነው መሰለኝ የያዘኝ።»

«እሱ ነው» አለች ሀሴት። «ሰው አይገድልም። ጋቢ አይደርቡ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ውሃ ይጠጡ።»

«መቼ ነው የሚለቀኝ?»

«እንደ ሰዉ ነው። ካልቻሉት ደግሞ መድኃኒት አለው ጋሼ። አንጓች ዘንድ ይሂዱና በግልጽ ይጠይቋት። ካፈሩም ሽማግሌ ይላኩ።»